ያልሠመረ ሩጫና የሚሰጠው ትምህርት

በትምህርት ቤታችን ስለ ሩጫ ሲወራ ዘወትር የሚነሣው የድል ወሬ ነው። ማን ቀደመ፣ ማን ሜዳልያ አገኘ፣ ማን በስንት ደቂቃ ገባ የሚለው በእረፍት ሰዓት በየዛፉ ጥላ ሥር ይተረካል። ስላልሠመረ ሩጫ ግን የሚናገር የለም፤ ቢነገርም ለማፌዝ ነው። እኔ በበኩሌ ረዥም ርቀት የሚለማመድ ወጣት ብዙ ነገር የሚማረው ከከፋው ሩጫው ነው የሚል አሳብ ስላለኝ፣ ይህንኑ አሳቤን በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ መግለጽ እወዳለሁ። ነገሩ ሯጮችን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ ፈተና የሚቀመጥ ሁሉ የሚካፈለው ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ረዥም ሩጫ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁት ላስረዳ። ለግማሽ ማራቶንም ሆነ ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ከሌሎቹ ቀናት ሁሉ የበለጠ ርቀት ይሮጣል። ሯጮች በተለምዶ «ሎንግ ራን» ይሉታል። የዚህ ሩጫ ዓላማ ልብ፣ ሳንባና እግር ለረዥም ጊዜ ሳያቋርጡ መሥራትን እንዲለምዱ ማድረግ ነው። ሰውነታችን ከምግብ ያገኘውን ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ አከማችቶ ይይዛል፤ ይህም ክምችት ግላይኮጅን ይባላል። ክምችቱ የተወሰነ ስለ ሆነ ብዙ የማራቶን ሯጮች ወደ 30ኛው ኪሎ ሜትር ሲጠጉ እግራቸው በድንገት የሚከብደው ስኳሩ እያለቀ ስለሚሄድ ነው። ረዥም ሩጫን በየሳምንቱ የለመደ ሰውነት ግን ስቡን አብዝቶ እያቃጠለ ስኳሩን መቆጠብ ይማራል፤ በጡንቻዎቹም ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮች እየበዙ ይሄዳሉ። ይህ ለውጥ የሚመጣው በወራት ነው። እንግዲህ የአንድ ቀን ረዥም ሩጫ ቤት ለመሥራት ከሚደረደሩት ጡቦች እንደ አንዱ ነው፤ አንዱ ጡብ ተጣመመ ተብሎ ቤቱ አይፈርስም።

እኛ የሐዋሳ መሃል ከተማ ልጆች ረዥሙን ሩጫ የምንሮጠው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ከተማው ሳይነቃ፣ ባጃጁም ሳይበዛ ተነሥተን ወደ ፍቅር ሐይቅ እንወርዳለን፤ ከዚያም በአሞራ ገደል በኩል አልፈን የከተማውን ጎዳናዎች እየዞርን ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ በሻሸመኔው መንገድ እንዘልቃለን። እንደ አገራችን ሯጮች ልማድ አንዱ ከፊት ይመራል፤ ሌሎቹ የፊተኛውን እግር እያዩ በሰልፍ ይከተላሉ። ከሰልፉ መከተል ያቃተው «ተቆረጠ» ይባላል። ይህ ቃል አጭር ቢሆንም ጆሮ ላይ ይከብዳል፤ እንደ ተበጠሰ ክር ያለ ነገር ያስመስላልና።

እኔም ባለፈው መጋቢት በአንድ ቅዳሜ ተቆርጬ ነበር። የታሰበው 24 ኪሎ ሜትር ነበር። እስከ 15ኛው ድረስ ደኅና ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ እንደ እርጥብ ግንድ ከበደ፤ 18ኛው ላይ ሩጫው ወደ እርምጃ ተለወጠ። አንድ ባጃጅ ነጂ አጠገቤ አዝግሞ «አይዞህ ወንድሜ፣ ግባ ላድርስህ፤ ሒሳብ አልፈልግም» ሲለኝ ደግነቱ ከድካሙ የበለጠ ከበደኝ። በኋላም ከአብሮ ሯጮቼ አንዱ ሊያጽናናኝ ፈልጎ «አንተ ለረዥም ርቀት አልተፈጠርክም፤ 1500 ብትሞክር ይሻልሃል» አለኝ።

ይህን የጻፍኩት ልታዝኑልኝ አይደለም። እንዲህ ያለው ቅዳሜ ያልደረሰበት ሯጭ የለም። የሚያሳስበኝ ከቅዳሜው በኋላ የሚሆነው ነገር ነው። ከእኔ ይልቅ ፈጣን የነበረ አንድ ጓደኛዬ እንዲሁ ያለ ቀን አጋጠመውና፣ በሳምንቱ ጫማውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ ሩጫን እስከ ዛሬ ትቷል። ስለምን ተወው ቢሉ፣ ያን አንድ ቀን እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለ ቆጠረው ነው። ፍርዱን የሰጠው ማነው? ሰዓቱ አይደለም፤ ሐኪምም አይደለም። «ሯጭ ይወለዳል እንጂ አይሠራም፤ እኛም የበቆጂ ልጆች አይደለንም» የሚለው በየማዕዘኑ የሚነገረው ወሬ ነው።

እንደ እኔ አሳብ ያልሠመረ ሩጫ የገጠመው ሰው ሁለት መጥፎ መንገዶች ይጠብቁታል። አንደኛው አሁን የተናገርኩት፣ ተስፋ ቆርጦ መተው ነው። ሁለተኛው ብድር መመለስ ነው፤ ይኸውም ቅዳሜ ያቃተውን ርቀት እሑድ ወይም ሰኞ በእልክ ደግሞ መሮጥ ነው። ይህ ጀግንነት ይመስላል። ነገር ግን የባዶ ጎተራ በር ደጋግሞ ቢከፈት እህል አይገኝበትም። የደከመ ጡንቻ የሚጠነክረው በእረፍት ጊዜ ነው፤ እረፍቱን የነፈገው ሰው የሚያተርፈው የጉልበት ወይም የቁርጭምጭሚት ሕመም ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው በዚህ ላይ በደንብ ይፈጸማል።

ታዲያ ሦስተኛው መንገድ ምንድር ነው? ሩጫውን ማንበብ ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን ከማንም ይልቅ ልናውቀው ይገባን ነበር። መምህር የታረመ የፈተና ወረቀት ሲመልስ አንዳንዱ ተማሪ ከላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ ወረቀቱን ያጣጥፈዋል፤ ሌላው ግን በቀይ ቀለም የተሠመረበትን አንድ በአንድ ይመለከታል። ሁለቱም ያገኙት ውጤት አንድ ሊሆን ይችላል፤ ለሚቀጥለው ፈተና ግን አንድ ሆነው አይቀመጡም።

እኔ ለሩጫ የያዝኩት አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። ከእያንዳንዱ ረዥም ሩጫ በኋላ በዚያው ቀን አምስት ጥያቄዎችን እመልስበታለሁ፤ በሳምንቱ ስንት ሰዓት ተኛሁ? ማታና ጧት ምን በላሁ፣ ምንስ ጠጣሁ? ፀሐዩና ነፋሱ እንዴት ነበር? ያለፉት ሦስት ቀናት ልምምድ ምን ነበር? የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር ስንት ደቂቃ ፈጀ? በዚያው ቀን የምጽፈው መልሱን ብቻ ነው፤ ውሳኔ ለማግስቱ ይቆያል። የደከመ ሰው ዳኛ ሊሆን አይገባውምና።

የመጋቢቷን ቅዳሜ በማግስቱ ሳነበው የሚከተለውን አገኘሁ። ሳምንቱ የሞዴል ፈተና ሳምንት ስለ ነበር እንቅልፉ በየሌሊቱ ከአምስት ሰዓት አላለፈም። ማለዳ ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር እስኪያባራ ጠብቀን የተነሣነው ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ወዲያውም ፀሐይ ወጣ፤ እርጥቡ መሬት ይተን ጀመር። ሰልፉም የዘገየውን ጊዜ ለማካካስ ፈጥኖ ስለ ነበር የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር 25 ደቂቃ ፈጀ፤ በሌሎቹ ቅዳሜዎች ግን 27 ነበር። ሰውነት በሙቀት ጊዜ ራሱን ለማቀዝቀዝ ብዙ ደም ወደ ቆዳ ይልካል፤ ለእግር የሚደርሰውም ያንሳል፤ ልብም ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ አብዝቶ ይመታል። እርጥበት ሲኖር ደግሞ ላብ ቶሎ ስለማይደርቅ ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። እንቅልፍ ባነሰበት ሳምንት ይህ ሁሉ ሲደራረብ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ መቆሙ ምን ያስገርማል? ደብተሩ «አልተፈጠርክም» የሚል ቃል አልነበረበትም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በደኅና እንቅልፍ፣ ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥቼ፣ በ27 ደቂቃ ጀምሬ ያንኑ 24 ኪሎ ሜትር ጨረስኩ። ፈጣን አልነበርኩም፤ ነገር ግን የመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆነ። ከዚያ ወዲህ በፈተና ሳምንት ረዥሙን ሩጫ ወደ 14 ኪሎ ሜትር አሳጥረዋለሁ።

የአንድ ተማሪ ደብተር ምን ያስረዳል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ ወደ ታላላቆቹ ልሻገር። የእነርሱን የልምምድ ቀናት እኛ አላየንም፤ የውድድር ቀናቸው ግን ለዓለም ሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ከእርሱ መማር እንችላለን። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አበበ ቢቂላ በ1960 በሮማ ኦሊምፒክ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በ1964 በቶኪዮ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ በማሸነፍ ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በሁለቱ ድሎች መካከል ያለውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው። በሚያዝያ 1963 አበበና ማሞ ወልዴ ወደ አሜሪካ ሄደው በቦስተን ማራቶን ተወዳደሩ። ከፊት ሆነው እጅግ ፈጥነው ሲመሩ ቆዩ፤ ነገር ግን ብርዱና የፊት ለፊቱ ነፋስ፣ እንዲሁም በስተመጨረሻ ያሉት አቀበቶች በረቱባቸው። ቤልጅጋዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ አሸነፈ፤ አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነው ገቡ። የዚያን ቀን ውጤት እንደ ፍርድ ቢቆጠር ኖሮ ሁለቱም ቀርተው ነበር። ነገር ግን አበበ ከ18 ወራት በኋላ በቶኪዮ፣ ማሞም በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ አገኙ።

እንግዲህ ስለ ሙቀትም ላንሣ፤ በሐዋሳ የምንኖር ሰዎች ነንና። ሌሊሳ ዴሲሳ በ2019 በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና በሌሊት እንኳ በማይበርድ አየር ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አሸነፈ። ያው ሌሊሳ በነሐሴ 2021፣ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን በተካሄደባት በሳፖሮ ከተማ፣ በሙቀትና በእርጥበት ሩጫውን ሳይጨርስ ቀረ። አብረውት የተሰለፉት ሲሳይ ለማና ሹራ ቂጣታም አልጨረሱም፤ ሦስቱም የኢትዮጵያ ወንዶች በአንድ ቀን አቋረጡ። የዚያን ቀን ሐዘናችን ትልቅ ነበር። ነገር ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሲሳይ ለማ የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ አሸነፈ። እግሩ ያው እግር፣ ልቡም ያው ልብ ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ነው። በ2024 ደግሞ ለፓሪስ ኦሊምፒክ ተመርጦ የነበረው ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ሲቀር ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ገባ፤ እርሱም በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ገዛኸኝ አበራ በ2000 በሲድኒ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቅ ለአገራችን ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እኅቶቼም ከትዕግሥት አሰፋ ይማሩ። ትዕግሥት በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በመጋቢት 2022 በሪያድ የመጀመሪያ ማራቶኗን ሮጣ በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ ገባች። ይህ ሰዓት በአገራችን ሴቶች መካከል የሚያስጠራ አልነበረም፤ «አንቺ የ800 ሜትር ልጅ ነሽ፣ ወደዚያው ተመለሺ» ለማለት የሚፈልግ ሰው በቂ ማስረጃ ባገኘ ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ግን በበርሊን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ አሸነፈች፤ በተከታዩ ዓመት በዚያው በበርሊን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ በመግባት በወቅቱ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። በአሥራ ስምንት ወራት ውስጥ ከ22 ደቂቃ በላይ ማለት ነው።

እነዚህን ምሳሌዎች ሳቀርብ «እነርሱ እኮ ተፈጥረውለታል» የሚለኝ አይጠፋም። በተፈጥሮ የሚሰጥ ነገር የለም አልልም። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት የበቆጂ አካባቢ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ በዚያ ስስ አየር ማደግ ለሯጭ ይጠቅማል። የእኛ ሐዋሳ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ይሁን እንጂ ሙቀታችንም የራሱ ትምህርት አለው። በጥንቃቄ በሙቀት የሚለማመድ ሰው በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ማላብም ቶሎ ይጀምራል፤ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝን ይለምዳል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ አንድ ሰው ምን ያህል እንደ ተሰጠው የሚታወቀው ለዓመታት በሥርዓት ከሠራ በኋላ ነው። በአንድ እርጥብ ቅዳሜ 18ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሊታወቅ ከቶ አይችልም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው የበለጠ ጠንካራ ነው። «ለከፋ ሩጫ ሁሉ ምክንያት ከተፈለገለት ሰነፍ መደበቂያ አያጣም» ይሉኛል። ልክ ነው፤ ምክንያት መፈለግና ሰበብ መፈለግ ይመሳሰላሉ። እኔ የምለያቸው በአንድ ነገር ነው። ሰበብ ከሰውየው ምንም አይጠይቅም፤ «ፀሐዩ ነው» ብሎ ያሳርፈዋል። እውነተኛ ምክንያት ግን ሥራ ያዝዛል፤ በ11 ሰዓት ተነሣ፣ ማታ ስልክህን አስቀምጠህ ተኛ፣ ሐሙስ ዕለት ፍጥነትህን ቀንስ፣ የመጀመሪያውን 5 ኪሎ ሜትር ጓደኞችህ ቢቀድሙህም በልክህ ሩጥ ይላል። ደብተርህን ዘግተህ ስትነሣ የምትሠራው አዲስ ነገር ከሌለህ፣ ያነበብከው ሩጫህን አይደለም።

ንባቡ ደግሞ ወሰን እንዳለው መዘንጋት የለብንም። አንድ ክፉ ቀን የቀኑ ነው፤ በቂ እንቅልፍና ምግብ እያለ ሦስትና አራት ሳምንት ከተከታተለ ግን የሰውነት ጉዳይ ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። የደም ማነስም ሆነ የተደበቀ ሕመም በእልክ አይድንም። በአንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ሕመም ሲሰማም ማቆም ነውር አይደለም። ታላቁ አበበ በ1968 በሜክሲኮ እግሩን ታምሞ ሳለ ተሰልፎ፣ መንገዱ ሳይጋመስ ለማቆም ተገዷል፤ ክብሩ ግን በዚህ አልቀነሰም። ወርቁንም አብሮት የተሰለፈው ማሞ አመጣው።

እንግዲህ ተማሪ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አሳቤን በሦስት ልመናዎች ልደምድም። ለሯጮች፤ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ፤ ክፉውን ቀን ከደኅናው ቀን ይልቅ አጥብቃችሁ ጻፉ፤ ጫማችሁን ለታናሽ ወንድማችሁ የምትሰጡት ሲጠባችሁ ብቻ ይሁን። ቆመው ለሚያዩት፤ የተቆረጠውን ልጅ «አልተፈጠርክም» አትበሉት፤ ይህን ለማወቅ ሥልጣኑም ዕውቀቱም የላችሁም፤ ከቻላችሁ ውሃ አቀብሉት። ለሚያሠለጥኑንና ለሚመሩን ታላላቆቻችን፤ ከአንድ ቅዳሜ በኋላ ስማችንን ከመዝገብ ከመሰረዛችሁ በፊት በሳምንቱ ምን እንደ ነበርን ጠይቁን።

ያ ጓደኛዬም ይህን መጽሔት እንደሚያነብ አውቃለሁ። ቅዳሜ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትርም በ27 ደቂቃ ነው።